የጋሽ ንጋቱ ወተት

ጋሽ ንጋቱ ማረፉን የነገረኝ ከመቱ እህል ጭኖ የመጣ ሹፌር ነው። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ ጠራኝ። ባለቤቴን ስለሚያውቅ እኔንም ያውቀኛል።

«የማርታ እናት፣ ቀለም ቀቢው አርፏል እኮ። ሰማሽ?»

«የቱ ቀለም ቀቢ?» አልኩት። የቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ትንሽ ጊዜ ለማግኘት ነው የጠየቅኩት።

«ንጋቱ ነዋ! እህቱ ቤት ነበር። ያ ሳል ጨረሰው። እኔም ቀብሩ ላይ ደርሻለሁ።» ደግሞ ጨመረ፤ «ወተቱን እስከ መጨረሻው አልተወም አሉ።»

ሽንኩርቱን መልሼ አስቀመጥኩት። ባጃጅ ውስጥ ከሰው ጋር ለመቀመጥ አቅም ስላጣሁ በእግሬ ሄድኩ። በመንገዴ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ስሙ በጸሎት እንዲታሰብልኝ ቄሱን ለመንኳቸው።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

አላውቀውም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን አልጠየቅኩትም።

«ንጋቱ ብለሽ ጥሪው፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ግን ቅር አለኝ።

ጋሽ ንጋቱ ጋምቤላ ውስጥ የመኪና ቀለም የሚቀባ ሰው ነበር። ዛሬ ብዙዎች አሉ። ያኔ፣ ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ ከእሱ ሌላ ሰው አላስታውስም። ጊዜው ሁሉም ነገር አዲስ የሆነበት ጊዜ ነበር። ዛሬ አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ ነገ ሌላ። ከእኔ ጋር ያስተምር የነበረ ሰው በበጋ ወጥቶ በክረምት የቢሮ ኃላፊ ሆኖ ይገኛል። ለየቢሮው ነጭ ላንድክሩዘር ይመጣል። መኪናው ሲመጣ መስታወት ይመስላል። ወደ ጎግ ወይም ወደ ዲማ አንድ ጊዜ ደርሶ ሲመለስ ግን የግራር እሾህ ሁለቱንም ጎኑን ቧጥጦታል። ሹፌሩ ኃላፊው ሳያየው ወደ ጋሽ ንጋቱ ይነዳዋል።

ጋራዡ በቆርቆሮ የተከለለ ግቢ ነበር። የእኛ ግቢ አጥርና የእሱ አጥር አንድ ነው። ልብስ ላሰጣ ስወጣ አየዋለሁ፣ እሱም ቀና ብሎ «እንዴት አደርሽ የማርታ እናት» ይለኛል። ረጅምና ቀጭን ነው። ቅንድቡ ቀለም አጥቶ አያውቅም፤ አንድ ቀን ሰማያዊ ነው፣ አንድ ቀን ነጭ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ መጀመሪያ አንቱ ብዬው ነበር።

«አላረጀሁም» ብሎ ተቆጣኝ። «ጋሽ በይኝ፣ ከፈለግሽ። አንቱታውን ግን ለአባ አድርጊው።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ንጋቱ እያልኩ አንተ እለው ነበር።

የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አይቆርጥም። የሥራ ዕቃው ነው። መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ ያጥበዋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጥፍሩን በጭረቱ ላይ ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። ጥፍሩ ሳይያዝ ካለፈ «ላይ ላዩን ነው፤ ፖሊሽ ይበቃዋል» ይላል። ጥፍሩ ከተያዘ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼ ገብቷል» ይላል፣ በሽተኛው እንዳይሰማው እንደሚፈራ ሐኪም። የገባ ጭረት ብዙ ሥራ አለው። በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ጉድጓዱ በስቱኮ ይሞላል፣ እንደገና ይፋቃል፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ይረጫል።

ቀለም ከረጨ በኋላ ወተት ይጠጣል።

ይህንን ከመምህሮቹ ነው የተማረው። «ቀለሙ ሳንባ ላይ ይለጠፋል። የሚያጥበው ወተት ብቻ ነው» ይል ነበር። ሌሎቹም የጋራዥ ሰዎች እንደዚያው ይሉ ነበር። እኔም አመንኩ። የማያምን ሰው አልገጠመኝም።

ወተቱን የምታመጣለት ኛቦል የምትባል የኑዌር ሴት ናት። ወተቱን በቅል ተሸክማ ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን ታልፋለች። ጋሽ ንጋቱ ግን ጾም አይሽርም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ቀለም አይረጭም፤ ሲፍቅና ሲያጥብ ይውላል። ኛቦል ይህ ነገር አልገባ ብሏት ኖሯል። አንድ ዓርብ አጥሩ ጋ ቆማ ጠራችው።

«ንጋቱ! ወተት አለ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው ኛቦል። ጾም ነው።»

«ላም ጾም አያውቅም» አለችው።

እሷ አልሳቀችም። እሱ ግን ሳቀና የብርጭቆ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። «እውነትሽን ነው፣ አያውቅም» አለ። «የሚያውቀው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?»

«እሺ። ነገ ትጠጣለህ» ብላ ቅሏን አንስታ ሄደች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀለሙን የሚረጭበትን ኮምፕሬሰር በሸራ ይሸፍነዋል። እስከ ፋሲካ ቀለም የለም። ቄሱ ራሳቸው ለመድኃኒት ከሆነ ወተት ሊጠጣ እንደሚችል ነግረውት ነበር። «አባ፣ ወተቱ መድኃኒት ከሆነ ቀለሙ መርዝ ነው ማለት ነው። እንግዲያው በጾሙ መርዙን ልተወው» አላቸው። ሹፌሮቹ ይበሳጩበታል።

«የጋምቤላ መኪና ሁሉ እስከ ፋሲካ ተቧጭሮ ይክረም በለኛ!»

«ይክረም። እኛስ ተቧጭረን አይደል የምንከርመው?» ይላቸዋል።

ይህንን ሥርዓቱን ያፈረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለእኛ ብሎ።

ባለቤቴ ደምሴ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ሹፌር ነበር። የምንኖርበት ቤት የቢሮው ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ማርታ ገና ትንሽ ነበረች። በዚያ ጊዜ ከአቦቦ ወዲያ ባለው የሰፈራ መንደር፣ የደምሴ እህት ዘንድ ሰንብታ ነበር። ጾሙ በገባ ሰሞን አንድ መንገደኛ መጥቶ ልጅቷ በትኩሳት እየነደደች መሆኗን፣ ሰው መለየት እንደተሳናት ነገረን። ወባ ነው። ወደ ጭንቅላት የወጣ ወባ ምን እንደሚያደርግ ጋምቤላ ለኖረ ሰው አይነገረውም።

ኃላፊው አዲስ አበባ ሄዷል። መኪናው ግቢያችን ቆሟል። ሲሄድ ደምሴን «ይህ መኪና እኔ እስክመለስ ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል» ብሎታል። ከዚያ በፊት የሌላ ቢሮ ሹፌር መኪና ይዞ ለቅሶ በመድረሱ ከሥራ ተባሮ ነበር። ደምሴ ቁልፉን በእጁ ይዞ አየኝ። ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

ልጄን ይዞ ሲመለስ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት አገኘ። እስኪነሳ መጠበቅ አልቻለም። ወደ ጫካው ገብቶ በእሾሁ መሃል አለፈ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቀው ነበር። ማርታን አቅፌ ሳወርዳት ሐኪሙ ጊዜ ሳያባክን ግሉኮስ ሰቀለላት፣ መድኃኒቱን ጀመረላት። ከቀናት በኋላ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬም ይመስገን።

መኪናውን ልብ ብለን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ከፊት መብራቱ እስከ ኋላ በሩ፣ ግራም ቀኝም፣ ተተልትሏል። ኃላፊው በቅዳሜው አውሮፕላን እንደሚመለስ ተሰማ። ደምሴ ጋሽ ንጋቱን ወደ ግቢያችን ይዞት መጣ። መኪናውን ወደ ጋራዥ መውሰድ አልተቻለም፤ መንገድ ላይ ሰው ያየዋል።

ጋሽ ንጋቱ ዓይኑን ጨፍኖ ጥፍሩን አሳለፈ። ተያዘ። ትንሽ ዝቅ አድርጎ አሳለፈ። ተያዘ። ወደ ሌላኛው ጎን ዞረ።

«ፖሊሽ ቢጤ…» አለ ደምሴ።

«ደምሴ፣ ብረቱ እኮ ነው የሚታየው። ፖሊሽ ምን ያደርግለታል?»

«እንግዲያው ከቤቴ ወጣሁ በለኛ።»

ጋሽ ንጋቱ ወደ እኔ ዞሮ «ልጅቷ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ውሃ ጠይቃለች» አልኩት።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«ወለተ ማርያም።»

ስሙን በሹክሹክታ ደገመው። ከዚያ ለደምሴ «መኪናውን ማንጎው ሥር አስገባው» አለው።

ተከትዬው ወጣሁ። «ጋሽ ንጋቱ፣ ጾም ነው እኮ። ወተቱስ?»

«አውቃለሁ።»

«አባ ፈቅደውልህ የለ? ከኛቦል ላምጣልህና ጠጣ።»

«አሁን አንቺ ነሽ ጾሜን የምታስፈቺኝ?» ብሎ ሳቀ። «ያለ ወተትም ይቻላል። ለአንድ ቀን ምን እሆናለሁ?»

ፍቆና ሞልቶ እስኪጨርስ ሲሠራ ሰነበተ። በዚያ ወቅት ሰዉ ሳር ያቃጥላል። ከባሮ ማዶ እየተነሣ የሚመጣው ጥቁር አመድ ቀኑን ሙሉ እንደ ላባ ይወርዳል። እርጥብ ነጭ ቀለም ላይ አንዲት ብናኝ ካረፈች ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

«አንሶላ አለሽ?» አለኝ።

«ስንት?»

«ያለሽን ሁሉ።»

የሰርጌን አንሶላዎች ከሳጥን አወጣሁ። በበርሜል ውሃ ነከርናቸው። ከማንጎው ቅርንጫፍ እስከ አጥሩ ገመድ ወጠረና ዙሪያውን አንጠለጠላቸው፤ ከላይም ሸፈነ። አመዱ እርጥቡ አንሶላ ላይ እየተለጠፈ ይቀራል። ምድሩንም አቧራ እንዳይነሣ ውሃ አርከፈከፈበት። መኪናው ሠርግ ቤት የገባ መሰለ።

ቀለሙን ሲያዋህድ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ነጩ ላይ ቢጫ ጠብ ያደርጋል፣ ጥቁር በስንጥር ጫፍ ይጨምራል፣ ጥፍሩ ላይ ይቀባና ከመኪናው ጋር ያስተያያል። «የጋምቤላ ፀሐይ ለአዲስ መኪናም አይራራም» አለኝ። «ይኼ ነጭ እዚህ ሲመጣ የነበረው ነጭ አይደለም።»

ሙቀት ሳይነሣ መርጨት ስላለበት በማለዳ መጣ። ማርታ ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ጋሽ ንጋቱ በአንሶላዎቹ መሃል ሊገባ ሲል ተመልሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«መስኮቱን ዝጊው የማርታ እናት። የቀለሙ ሽታ ለልጅቷ ጥሩ አይደለም።»

ዘጋሁት። እሱ አንሶላውን ገልጦ ገባ። ኮምፕሬሰሩ ተነሣ። አንሶላዎቹ ተነፍተው ሲረግቡ፣ ተነፍተው ሲረግቡ ከበሩ ላይ ሆኜ አይ ነበር። ሽታው እስከ እኔ ደረሰና ዓይኔ እንባ አመጣ። በነጠላዬ አፍንጫዬን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሲወጣ ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ሁሉ ነጭ ነበር። አጥሩን ተደግፎ አስመለሰው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለና ለብዙ ጊዜ አልተነሣም። ውሃ ሰጠሁት።

«ወተት ላምጣ» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ እምቢ አለኝ። ትንፋሹ ሲመለስ የተናገረው ስለ መኪናው ነው። «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው።»

ቅዳሜ ኃላፊው መጣ። ደምሴ እንደነገረኝ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው። «አጠብከው?» አለው። «አዎ ጌታዬ።» «ጎበዝ» ብሎ ገባ። ከዓመታት በኋላ፣ ኃላፊው ከሥልጣኑ ወርዶ ከእኛ ጋር ሻይ የሚጠጣ ሰው ሲሆን፣ ደምሴ እውነቱን አጫወተው። ሰውዬው እስኪያስለው ሳቀ።

«ያኔ ነግሬዎት ቢሆን ምን ያደርጉኝ ነበር?» አለው ደምሴ።

ሳቁን ተወ። «አባርርህ ነበር» አለ። «አዲስ ክልል፣ አዲስ ወንበር፣ አዲስ መኪና። ያኔ ማንንም አልምርም ነበር። ለልጅ ነው ብትለኝም አልሰማህም።»

እንጀራችንን ያቆየልን ጋሽ ንጋቱ እንደሆነ ያን ቀን አረጋገጥኩ።

ሳሉ ግን ከዚያ ማለዳ ወዲህ አልለቀቀውም። ፋሲካ መጣ፣ አልለቀቀውም። ክረምት ሲገባ ማታ ማታ በአጥሩ በኩል ይሰማናል። ደምሴ ያን ሰዓት ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ለሌላ ሰው «ያለ ወተት የረጨ ቀን ነው የያዘው» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ንጋቱ ራሱ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

እኔ ጾም ባልሆነ ቀን ሁሉ ከኛቦል ወተት እየተቀበልኩ፣ አፍልቼ፣ በባለ ክዳን ኩባያ እወስድለት ጀመር። ኛቦልም ታውቃለች። «ይኼ የጥሩ ላም ነው። ለንጋቱ ስጪው፤ ደረቱ መጥፎ ነው» ትለኛለች።

«ጠጣ ጋሼ» እለዋለሁ።

«ይበቃኛል እኮ።»

«እስከ ታች ጠጣው።»

አንድ ቀን ኩባያውን ከእጄ እየተቀበለ «ወተቱ ዘገየ እኮ የማርታ እናት» አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። «ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን ነው» ብሎ አንዴም ሳይተነፍስ ጨለጠው። ባዶውን ኩባያ ገልብጦ አሳየኝ፣ ልጅ እንደሚያደርገው።

ሥራውን አልተወም። ነገር ግን ረጨት አድርጎ ወጥቶ ይቀመጣል፣ እንደገና ይገባል። ቀስ በቀስ ደረጃ መውጣት አቃተው፤ መጨረሻ ላይ ጥፍሩን በመኪና ጎን ላይ ለማሳለፍ እንኳ ቁጭ ማለት ነበረበት። እህቱ ከመቱ መጥታ ወሰደችው። ልንሸኘው አውቶቡሱ ጋ ሄድን። ሊሳፈር ሲል ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። ጥፍሩን በአውቶቡሱ ጎን ላይ አሳለፈው።

«ይኼ ገብቷል» አለው ሹፌሩን።

«ይግባዋ ሽማግሌ! አሁን አንተ ግባ፣ እንሂድ» አለው ሹፌሩ።

ሁላችንም ሳቅን። እሱም እያሳለ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። በሚመጣ ሰው ሰላምታ ይልክልን ነበር፤ ሁልጊዜም «ወለተ ማርያም እንዴት ናት?» ብሎ።

ማርታ ዛሬ ነርስ ናት። የመርዶው ዕለት አመሻሹ ላይ ከሥራ ስትመለስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ አገኘችኝ። ነገርኳት። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

«ጋራዥ የነበሩት? ያ የሚያስላቸው?»

«አዎ። አንድ ቀን ያለ ወተት ቀለም ረጨ። ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ምን አገናኘው?»

«ወተት ነዋ። ሳንባን ያጥባል። ያን ቀን ጾም ነበር፣ አልጠጣም አለኝ።»

ማርታ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ በሽተኛ እንደምታናግር። «እማዬ፣ ወተት እኮ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። የቀለሙ ብናኝ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። አይገናኙም። ቢጠጡም ባይጠጡም ያው ነበር።»

«ታዲያ ምን ነበር የሚሻለው?»

«አፍና አፍንጫቸው ላይ የሚያደርጉት ነገር። ደህና መሸፈኛ ቢጠፋ ጨርቅ እንኳ ከምንም ይሻል ነበር። ደግሞ ገላጣ ቦታ፣ ነፋስ የሚያገኝ። የታፈነ ቦታ ውስጥ ነው የሚረጩት እንዴ?»

«አንዳንዴ» አልኳት።

ሳመችኝና እጇን ልትታጠብ ወጣች። ያ መኪና ለማን ሲባል እንደተቀባ አታውቅም። ልጅ ሆና እንዳይከብዳት አልነገርኳትም። ካደገችም በኋላ አልነገርኳትም።

ያን ሁሉ ዓመት በጸሎቴ የምለው አንድ ነገር ነበር። ምነው ያን ቀን ግድ ብዬ ባጠጣሁት እል ነበር። ጾሙ ገደለው ብዬ የምፈራበትም ቀን ነበር፤ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ማርታ ስትነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ጾሙ አልገደለውም። ተመስገን አልኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣ። ያ ሁሉ ኩባያ፣ ያ ሁሉ «እስከ ታች ጠጣው»፣ ምንም አልነበረም። እሱም ለእኔ ሲል ይጠጣው ነበር።

ማርታ ሳትመለስ ሳጥኑን ከፈትኩ። ከሰርጌ አንሶላዎች አንዱን አስቀምጬዋለሁ። ሌሎቹ በአገልግሎት አለቁ፤ ይህንን ግን ደጋግሜ አጥቤ ቀለሙ አልለቅ ሲለኝ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ቀለሙ ነጭ፣ አንሶላውም ነጭ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ዓይኔን ጨፍኜ ጥፍሬን አሳለፍኩበት። በየቦታው ተያዘ።

አመድ እንዳይወርድበት ለመኪናው ስድስት አንሶላ ሰቅለን ነበር። ሽታው እንዳይገባባት ለማርታ መስኮት ዘግተን ነበር። እኔም አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ነበር። ከዚህ ጨርቅ አንድ ቁራጭ ቀድዶ ለእሱ የሰጠው ሰው አልነበረም።